ያገለገለ ብስክሌት ልገዛ ሄጄ ግራ ገብቶኝ ተመለስኩ

ዛሬ ጠዋት፣ ያገለገሉ ብስክሌቶች የሚሸጥ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሱቅ ሄጄ፣ በጣም የተመቸኝ ብስክሌት ላይ እንደተቀመጥኩ "ቲቸር፣ እሱ እኮ የሴት ነው" አለኝ።

ገበያም ሆነ የዕድር ስብሰባ ማንንም ሳላስቸግር ለመሄድ ነው ብስክሌት የፈለግሁት። ቀኝ ጉልበቴ ግን እግሬን ከፍ አድርጌ እንዳሻግር አይፈቅድልኝም።

ከሻሸመኔ የመጡ አምስት ብስክሌቶችን ቁመታቸውን በሜትር እየለካሁ ሞከርኩ። አራቱ ከኮርቻው ወደ መሪው የሚሄድ ቀጥ ያለ ብረት አላቸው፤ እሱን ለመሻገር የሻጩን ትከሻ መያዝ ነበረብኝ።

የአምስተኛው ብረት ዝቅ ያለ ነው። ብቻዬን ወጣሁ፤ ጀርባዬ ሳይጎብጥ ነዳሁት። ፍሬኑም ይይዛል።

"የሴት የሚያሰኘው ምኑ ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ብረቱ ነዋ ቲቸር። ለቀሚስ ተብሎ የተሠራ ነው።"

"እኔ ቀሚስ የለኝም፤ የታመመ ጉልበት ነው ያለኝ።"

"እሱማ ልክ ነው። ሰፈሩ ግን ይስቃል።"

እውነቱን ነው። እኔ ራሴ በወጣትነቴ በእንዲህ ያለ ብስክሌት ሲሄድ ባየሁት ሰው ስቄአለሁ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። "ከባጃጅ ስትወርድ ሁለት ሰው ደግፎህ አይደል? ያኔ ማን ሳቀ?" አለችኝ።

ሻጩ እስከ ነገ ጠዋት ለሌላ ሰው አልሸጠውም ብሎኛል። አራቱን ጉልበቴ አልቻላቸውም፤ በአምስተኛው ሰፈር ውስጥ ለማለፍ ደግሞ ድፍረቱ አልመጣልኝም።

እንዲህ ያለውን የምትነዱ ወንዶች ካላችሁ እስኪ ንገሩኝ፤ ሳቁ ስንት ቀን ነው የሚቆየው?