ፊቱን ያዞረው ድንጋይ

እኒህ ሽማግሌ ስንት ማመልከቻ እንዳጻፉኝ እኔም ረስቻለሁ። ኮታቸው ቁልፍ የለውም፤ በሽቦ ነው የሚያስሩት። ተራ ሲጠብቁ የመዝገብ ቤቱን ግድግዳ በጣታቸው አንጓ ያንኳኩና «ውስጡ ባዶ ነው፤ አንድ ክረምት አይችል» ይላሉ። የእሳቸው ቤት ቅድመ አያታቸው የካቡት ድርብ የድንጋይ ግንብ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ ወርዶ እሳቸው ጋ ሲደርስ አንድ ባዳ ካርታ አወጣበት።

«ወረቀት የለዎትም አባባ?» ይላቸዋል የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ሁልጊዜ።

«ቅድመ አያቴ ወረቀት አይጥ ይበላዋል ብለው ስማቸውን የማዕዘኑ ድንጋይ ላይ ቀረጹት። ሌባ እንዳይፍቀው ደግሞ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙረው ካቡት።»

«እንግዲያው እሱን ያምጡልኛ!» አላቸው ባለፈው ሰኞ፣ ታክቶት።

ዛሬ ቅንድባቸው አቧራ ለብሶ፣ ጥፍራቸው ደም ቋጥሮ መጡ። በጆንያ ያዘሉትን ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው በእጅጌያቸው ጠረጉት። ስሙ ትናንት የተቀረጸ ይመስላል። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አነበበውና ከወንበሩ ተነሳ።

«እውነትዎን ነው አባባ። በሉ ነገ መጥቼ ቤቱን ልየው።»

ሽማግሌው ጆንያውን ቀስ ብለው አጣጠፉ።

«ማዕዘኑ ወጥቶ ምን ቤት አለ ልጄ?»