የብልቃጡ ስባሪ

አዲሱ የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት ከሚሞከርባቸው በሽተኞች ሁሉ እንደ ሽማግሌው ቀጠሮ አክባሪ የለም። ክኒን ቆጣሪዋ ነርስ በሯን ሳትከፍት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው ታገኛቸዋለች፤ ኮታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፎ፣ ብልቃጣቸው በመሐረብ ተጠቅልሎ። አንድም ቀን ክኒን አስተርፈው አያውቁም። የሌሎቹ ደም እየጠራ ነው፤ የሳቸው ቫይረስ ግን ወይ ፍንክች! ወይ መድኃኒቱ ወይ ቆጠራዋ፣ አንዱ ይዋሻል።

"አባባ፣ በየቀኑ ይወስዳሉ?"

"በየቀኑ፣ ልጄ።" ጣቶቻቸው መሐረቡን ያፍተለትላሉ። "ግን... ቀጠን ላለ ሰው፣ ለሴት ለምሳሌ፣ ይከብዳል እንዴ?"

"ደግሞ ሴት ምን አመጣት?"

መሐረቡን ፈተው አቀበሏት። ብልቃጡን ወረቀት ላይ ስትገለብጠው ነጭ ብናኝና በምላጭ የተቆረጠ የክኒን ስባሪ ዱብ አለ።

"አባባ፣ ለማን ነው የሚያካፍሉት?"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከስባሪው ሳይነቅሉ መለሱ።

"እኔን ተቀብላችሁ ባለቤቴን 'ኩላሊትሽ አይችለውም' ብላችሁ መለሳችኋት። ታዲያ አርባ ዓመት አብራኝ የበላች ሴት እያየችኝ፣ ለብቻዬ ልዋጥ?"