የመሃሉ ቃል

የቦይ ስካውትን የመጨረሻውን ማዕረግ ያገኘሁት ቦርጭ አውጥቼ፣ ጃንጥላ በክንዴ አንጠልጥዬ፣ ማክሰኝት ውስጥ አንድ ጨለም ያለ ቤት ቆሜ ነው። ማግኘት ከተባለ። ሊሰጠኝ የነበረው ግን ጎንደር ላይ፣ በመስቀል ዋዜማ፣ በሰው ፊት፣ ቁምጣዬን ተኩሼ፣ እናቴ ከፊት ቆማ እያየችኝ ነበር። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለፈውን ዘመን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የስካውት መሪያችን የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። የማክሰኝት ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ወደ አስኳላ ከመግባታቸው በፊት ዳዊት ደግመው፣ ዲቁና ተቀብለው ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ንባብ ላይ አንዲት ቃል የዘለለ ልጅ «ግድፈት አለበት፣ ከመጀመሪያ!» ይባላል። ካቆመበት መቀጠል የሚባል ነገር የለም። እሳቸውም ይህንኑ አመል ይዘው ስካውት ውስጥ ገቡ። ገመድ ስንቋጥር አንዲት ዙር ከዘለልን ፈትተን ከመጀመሪያ። ፋሻ ስንጠቀልል አንድ እጥፍ ከጎደለ ከመጀመሪያ። ፊት ለፊት ጋሼ እንላቸዋለን፤ ከኋላቸው ግን «የኔታ» ነበር ስማቸው። ሰምተውን ያውቃሉ፤ የከፋቸው አይመስሉም ነበር።

በተለይ ቃል መግቢያችን ላይማ አይጣል ነው። ሦስት ጣት ይነሣል። አንደኛው ለእግዚአብሔር፣ መሃለኛው ለንጉሠ ነገሥቱ፣ ሦስተኛው ለሀገር። በክብሬ ቃል እገባለሁ ተብሎ ይጀመርና ሦስቱ በየተራ ይጠራሉ። አንድ ቀን አንዱ ጓደኛችን አስነጥሶት «ለሀገሬ» የምትለዋን ዋጣት። ልጁ ጉንፋን ይዞት ዓይኑ እያለቀሰ ከመጀመሪያ አስባሉት። እኛ በሳቅ ልንፈነዳ ነው፤ እሳቸው ፊታቸው ንቅንቅ አላለም።

ያንን ማዕረግ እሳቸው ራሳቸው አላገኙትም። ስካውት የገቡት ዕድሜያቸው ካለፈ በኋላ ስለሆነ መሪ እንጂ ተፈታኝ መሆን አልቻሉም። እኛ በሰፈርንበት ሜዳ እሳቱን ከበን ስንቀመጥ፣ ከዚህ ከተማ አንድ ልጅ ብቻ ለዚያ ማዕረግ ላብቃ፣ ከዚያ በኋላ አልጠይቅም ይሉ ነበር። ያ አንድ ልጅ እኔ ልሆን ነው ብዬ ራሴን ያሳመንኩት ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልታየኝም። እናቴ ትምህርቱስ ስትለኝ ይህም ትምህርት ነው እላታለሁ።

የመጨረሻው ፈተና የእግር ጉዞ ነበር። ከጎንደር ተነሥቼ፣ ከመኪና መንገድ ርቄ፣ ብቻዬን በገደላገደሉ እስከ ማክሰኝት ሄጄ፣ የሄድኩበትን በወረቀት ነድፌ ማምጣት አለብኝ። መንገድ ላይም ለአንድ ሰው የሚጠቅም ነገር መሥራት ግዴታ ነው። ሰኔ ሊገባ ሲል ወጣሁ። አንድ ቁልቁለት ላይ ቆሜ ኮምፓሴን አውጥቼ ተራራውን ስነድፍ ገበሬዎች ከበቡኝ። መሬት ሊለካ የመጣ የመንግሥት ሰላይ መስያቸው ኖሯል። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ፂም ሊያበቅል የደረሰ ጎረምሳ በቁምጣ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ፣ ደረቱ ላይ ፊሽካ! ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ምነው ልጄ፣ ሱሪህን ማን ቀማህ?» አሉኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በዚያው ነገሩ በረደ። ሽማግሌው በሬያቸው እግሩ ላይ ቆስሎባቸው ነበርና ቁስሉን አጥቤ በፋሻ ጠቀለልኩላቸው። አያ፣ ፋሻው ይቆይ፣ አይፈታ አልኳቸው። እንደተማርኩትም አንድ እጥፍ ሳልዘል ነው የጠቀለልኩት።

ስመለስ ጋሼ ንድፌን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። የሚያውቁት አገር ነው፤ የተወለዱበት ነው። ጣታቸውን በወንዞቹ ላይ እያስኬዱ መጡና ሲጨርሱ ግድፈት የለበትም አሉ። እንደዚያ ብለው አያውቁም፤ ለማንም። በደስታ የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ። ደረት ላይ የሚሰካው የማዕረጉ ምልክት ከአዲስ አበባ ሲመጣ አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩኝ፤ ነካ ላደርገው ስል እጄን መለስ አድርገው፣ በቀኑ አሉኝ። ቀኑ የመስቀል ዋዜማ ሆነ። እናቴ ለቀኑ የሚታረደውን ዶሮ ከነሐሴ ጀምሮ ታበላው ነበር።

መስከረም እንደጠባ ንጉሡ ወረዱ። በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ እየተባለ ተወራ። ሰፈሩ እኩሉ ይስቃል፣ እኩሉ ይተክዛል። እውነቱን ለመናገር እኔ ያሰብኩት ስለ ንጉሡም ስለ ሀገሩም አልነበረም፤ ስለ ማዕረጌ ነበር። እየሮጥኩ ጋሼ ቤት ሄድኩ።

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ሦስቱን ጣቶቻቸውን ያያሉ። መሃለኛዋን እንደ ታመመች ጣት በሌላኛው እጃቸው ይዘዋታል። ለወረደ ንጉሥ ቃል መግባት ሐሰት ነው አሉኝ። እንግዲያው ዘልዬው እግዚአብሔርንና ሀገርን ብቻ ልበል፣ ማን ያውቅብናል አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ግድፈት ያለበት ቃል፣ ቃል አይደለም፤» አሉ። «አዲሱ ቃል ይምጣ። ያን ጊዜ ከመጀመሪያ እንለዋለን።»

አዲስ አበባ ላሉት አለቆቻቸው ጻፉ፤ በመሃለኛው ጣት ማንን እንጥራ ብለው። መልስ አልመጣም። መስቀል አለፈ። ዶሮው ታረደና ተበላ፤ በምን ምክንያት እንደተበላ ግን ማንም አላነሣም። እናቴ ግን ምላሷ አያርፍም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ አንተ ደግሞ ሳትሾም ተሻርክ!» አለችኝ። ስቃ ነው ያለችው። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ያኔ በጋሼ በጣም ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም። አንድ ቃል! አንዲት ቃል ቢዘሉልኝ ምን ነበረበት? በዚያ መስከረም ማንም ማንንም አያይም ነበር። ሀገሩ በሙሉ ተንዶ እሳቸው የአንዲት ቃል ጉድለት ይለካሉ።

ብዙም ሳይቆይ ተማሪ ወደ ገጠር የሚላክበት ዘመቻ ታወጀና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በመሆኔ ወደ አይከል ተላክሁ። ጋሼ አውቶብስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። ማዕረጉን አንሥቼ እንደገና ለመንኳቸው። ስትመለስ ቃሉ ደርሶ ይጠብቅሃል አሉኝ። ኮታቸው ውስጥ፣ በደረት ኪሳቸው፣ ምልክቱን ይዘውት እንደመጡ ኪሱን ደባበስ ሲያደርጉ ገባኝ። ይዘውት መጥተዋል ማለት ነው። አመንትተው ነበር ማለት ነው። አውቶብሱ እስኪነሣ ድረስ እጃቸው እዚያው ነበረች። አላወጡትም።

ከዘመቻ ስመለስ ስካውት የሚባል ነገር ጠፍቷል። የፊውዳል ቅሪት ተብሎ ተዘጋ። ድንኳኖቻችንን ቀበሌው ለስብሰባ ጥላ አደረጋቸው፤ እዚያው በገዛ ድንኳኔ ሥር ተቀምጬ፣ ያኔ በደንብ ያልወጠርኩትን ገመድ እያየሁ መፈክር አሰምቻለሁ። እናቴ ዩኒፎርሜን እሳት ውስጥ ከተተችው። ቁምጣውን ግን ጨርቁ ጠንካራ ነው ብላ ሁለት ቦታ ቆርጣ የድስት መያዣ አደረገችው።

ጋሼን የወሰዷቸው ፍተሻው በበዛበት ዘመን ነው። ወጣት አደራጅተሃል፣ በባንዲራና በፊሽካ ምልክት መስጠት አስተምረሃል ተባሉ። ምን ይበሉ? አስተምረዋላ። ከያዟቸው መካከል አንዱ የቀድሞ ስካውት ነበር አሉ፤ ያ ሲያስነጥሰው ቃል የዋጠው ልጅ። እውነት ይሁን ሐሜት አላውቅም። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። ጋሼ ለዓመታት ታሰሩ። ልጠይቃቸው ስሞክር የሥጋ ዘመድ ካልሆንክ አይቻልም ተብዬ ስንቁን በእህታቸው በኩል ላክሁ።

ተፈትተው ማክሰኝት እህታቸው ዘንድ መግባታቸውን የሰማሁት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ተቀጥሬ፣ አግብቼ፣ ከወለድኩ በኋላ ነው። አንድ የገበያ ቀን አውቶብስ ይዤ ሄድኩ። እህታቸው እህል ልትሸጥ ወጥታለች። ጋሼ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸው ነጥቷል፣ ትከሻቸው ጠቧል። ሸጋ ሰው ወጥቶሃል አሉኝ። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ ማረፏን ስነግራቸው ዶሮዋን ሳልበላላት አሉ።

ከዚያ ተነሥተው በሩን ዘጉ። ከጣራው ሣር ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ምልክቱ ነው። ያን ሁሉ ዘመን እህታቸው ደብቃላቸው ኖራለች። ጠቁሯል።

በል ቁም አሉኝ። ጃንጥላዬን ክንዴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቆምኩ። መሳቅ አማረኝ፤ ማልቀስም አማረኝ። ሦስት ጣቴን አነሣሁ። ማንን ልጠራ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ በልቤ የድሮውን፣ እሳቸው ያስተማሩኝን፣ እንዳለ ልለው ቆርጫለሁ። የሞተ ንጉሥም ቢሆን፣ የሚያስጠይቅም ቢሆን፣ ለእሳቸው ስል ሙሉውን። በክብሬ ቃል እገባለሁ አልኩ። ለእግዚአብሔር አልኩ። ሁለተኛውን ልል አፌን ስከፍት የእጄን አንጓ ጨምድደው ያዙኝ።

«የመሃሉን ዝለለው፣ ልጄ።»

እየፈተኑኝ መሰለኝ። የድሮ አመላቸው ነው ብዬ ፊታቸውን አየሁ። አልነበረም። ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከእሳቸው፣ ጥግ ላይ ከታሰረች አንዲት ፍየል በቀር ማንም የለም።

ዘለልኩት። ለሀገሬ ብዬ ጨረስኩ። ምልክቱን ኮቴ ላይ ሰኩልኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የጓጓሁለት ማዕረግ ደረቴ ላይ ነው፤ እኔ ግን የዚያን የመስከረሙን ግትር ሰው፣ እምቢ ያሉኝን፣ በዓይኔ እፈልግ ነበር። ምነው አሁንም እምቢ ባሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተናደድኩበት ያ እምቢታ፣ ለካ እሱ ነበር ሀብቴ።

ልወጣ ስነሣ ራሳቸው መልሰው ነቀሉልኝና ኪሴ ውስጥ ከተቱት። መንገድ ላይ ፍተሻ አለ አሉ። በሩን ገርበብ አድርገው ግራ ቀኙን አዩ። እኔ ግን አልሄድ አልኩ፤ እዚያው የበሩ ደፍ ላይ ቆሜ «ግድፈት አለበት፣ ከመጀመሪያ!» እንዲሉኝ ጠበቅኋቸው። እሳቸው ያሉኝ፣ ቶሎ በል፣ አውቶብሱ እንዳያመልጥህ ነው።