የወንድሙን ጫማ የተሸከመ ሰው

የደረቀ የማሽላ አገዳ በእጄ በገባ ቁጥር ሳላስበው ወደ አፌ አስጠጋዋለሁ። ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያደጉ እኩዮቼ ይህን ሲያነቡ አገዳ እየላጥን ስንመጥ ከንፈራችን የሚቆረጥበት ወቅት ትዝ ይላቸው ይሆናል፤ እኔ ግን አገዳን የማስታውሰው በጣፋጭነቱ አይደለም። ለእኛ ለአንድ ክፍል ልጆች አገዳ ማይክራፎን ነበር። ጫፉን በአሮጌ ካልሲ ጠቅልለን በሲባጎ እናስረውና ተራ በተራ እየያዝነው እንናገር ነበር። ካልሲው ጥቁር ነበር ወይስ ቡናማ ብባል እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚያ ዘመን እርግጠኛ የማልሆንባቸው ነገሮች ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር እየበዙ መጥተዋል፤ ከእነዚያ ሁሉ አንዱ ግን አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል።

ትምህርት ቤታችን ስደተኛ ወላጆች ተባብረው ያቆሙት ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ጸጥ ሲል፣ ራኩባው ሥር እንሰበሰባለን፤ ራኩባ የምንለው በእንጨት ምሰሶ ላይ ሣር የተከደነ፣ ግድግዳ የሌለው ዳስ ነው። ኸሪፍ ገብቶ ሲዘንብ ጥቁሩ አፈር እግራችን ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቅ ነበር፤ በበጋ ደግሞ ከገበያው የሚመጣው የሰሊጥ ሽታ ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሯችንን ይከረክረዋል። አባቴ በዚያ ገበያ ጆንያ ሲሸከም ውሎ ማታ ሲገባ ሸሚዙ የሚሸተው ያንኑ ነበር። ራኩባው ሥር ተቀምጬ፣ የአባቴ ሸሚዝ ከተማውን ሁሉ የሸፈነው ይመስለኝ ነበር።

ትምህርቱ «የሚዲያ ጽሑፍ» ይባል ነበር። የሚያስተምረን ኡስታዝ ደምሴ ነው፤ መምህሮቻችንን ሁሉ በሱዳኖቹ አጠራር ኡስታዝ ነበር የምንላቸው። አገር ቤት ሳለ ሬዲዮ ላይ ሠርቻለሁ ይል ነበር፤ ድምፁን የሰማ ሰው ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ልጅን አንቱ ለማለት ጥቂት የሚቀረው ጨዋ ሰው ነበር። በዚያ ዕድሜያችን የሚያዘን አዋቂ ሞልቶ ነበር፤ የሚጠይቀን ግን አልነበረም። እሱ ይጠይቀን ነበር። ከጠየቀን በኋላ ደግሞ መልሳችንን ይጠብቃል። ወደድኩት ማለት ያንሳል።

«ካራክተር በመልኩ አይታወቅም» ይለን ነበር። «ምን ይፈልጋል? ምን ይፈራል? ምን ይደብቃል? ሦስቱን ስጡኝና ሰውየውን ከነትንፋሹ አቆምላችኋለሁ።» አንድ ቀን ጓደኛዬን ኑረዲንን አስነሥቶ አብራቸው ስለምትኖረው አክስቱ ጠየቀው።

«አክስትህ ምን ትፈልጋለች?»

«እኔ ከቤት እንድጠፋላት ነዋ፣ ኡስታዝ።»

«እሺ፣ ምን ትፈራለች?»

«እናቴን። እናቴ ባትኖር እስካሁን ሸጣኝ ነበር።»

«ምን ትደብቃለች?»

«ስኳር! ግን ያለበትን አውቃለሁ።»

ራኩባው በሳቅ ተናወጠ። ኡስታዝ ደምሴም ዓይኑን እየጠረገ «ኻላስ፣ በቃ ተቀመጥ» አለው። «አያችሁ? ከዚህ ሁሉ ተማሪ አንድ ሰው ከነሕይወቱ ያመጣልኝ ይህ የስኳር ሌባ ብቻ ነው።»

በእኛ ሰፈር ግን ሰው የማይጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ ኬዝ። ኬዝ ማለት አንድ ስደተኛ ከአገሩ ለምን እንደወጣና እንዴት እንደወጣ የስደተኞች ቢሮ ቃለ መጠይቅ ቀርቦ የሚናገረው ታሪክ ነው። ሦስተኛ አገር የመሄድ ተስፋው በሙሉ በዚያ ታሪክ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጫጫራል፣ ድስት ይዋዋሳል፣ ሐዘን አብሮ ይቀመጣል፤ ኬዝህ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ግን የሰው ጓዳ ገብቶ ሞሰብ እንደመክፈት ያለ ነውር ነበር። እኛ ልጆችም ማንም ስለ ቤታችን ቢጠይቀን «እኔ ልጅ ነኝ፣ አላውቅም» እንድንል ተመክረን ነው ያደግነው።

ኡስታዝ ደምሴ ይህን አጥር የተሻገረው በቤት ሥራ ነው። አንድ ዓርብ ከቤታችሁ አንድ እውነተኛ ሰው አምጡልኝ አለን፤ የፈጠራችሁትን ሳይሆን የምታውቁትን። እርስ በርስ ተያየን። የፈራነው ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው። «ራኩባው ሥር የተነገረ ከራኩባው አይወጣም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም እንደ አባቶቻችሁ ስደተኛ ነኝ እኮ፣ ልጆቼ።» ልጆቼ ማለቱን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ወይም ለብዙ ዓመታት ስለተናደድኩበት አስታውሳለሁ ብዬ አምኛለሁ።

በሳምንቱ አባቴን ይዤ መጣሁ። ታሪኩን አባቴ የነገረኝ አንድ የወባ ሰሞን፣ ትኩሳቱ በረድ ሲልለት አልጋው ጫፍ አስቀምጦኝ ነው። እኔ ሳልወለድ፣ አባቴና ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ፈንታ፣ ከአርማጭሆ ቆላ በእግራቸው ሲሸሹ አጎቴ መንገድ ላይ ታመመ። ከኋላቸው የሚያሳድዷቸው ነበሩ። መራመድ ሲያቅተው አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና አባቴን ሂድ አለው። አባቴም ሄደ። አገዳውን ይዤ ይህን ከተናገርኩ በኋላ ቀጠልኩ፤ አጎቴ ጫማውን አውልቆ ለአባቴ እንደሰጠው፣ የአባቴ ጫማ ተበጣጥሶ የተጣለ ቢሆንም የወንድሙን ሊያጠልቅ ስላልደፈረ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ድንበሩን በባዶ እግሩ እንደተሻገረ ተናገርኩ።

ኡስታዝ ደምሴ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ጫማ ተሸክሞ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው!» አለ። «ልጆች፣ ስለዚህ ሰው ሌላ ምንም ባይነግረኝ አውቀዋለሁ። የሚፈልገው፣ የሚፈራው፣ የሚደብቀው፣ ሁሉም እዚያ ጫማ ውስጥ አለ። ሙሉቀን፣ ዛሬ አስተማሪው አንተ ነህ።» በዚያ ቀን ወደ ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነበር፤ አባቴን ሳየው እንደ አዲስ ሰው ነው ያየሁት። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓርቦች ሌሎቹ ሲበተኑ እኔን ያስቀረኝ ነበር። ዛፉ ምን ዓይነት ዛፍ ነው? ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች? አጎትህ መጨረሻ የተናገረው ምንድን ነው? «ሰውን የሚያሳምነው ዝርዝር ነው» ይለኛል። እኔም አባቴን በዘዴ እየጠየቅኩ ያገኘሁትን አመጣለሁ። የምንጽፈው ድራማ መስሎኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ካርቱም ጥሩ ሥራ አገኘሁ ብሎ ተሰናበተን። አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ አብረነው ቆምን። ኑረዲን አለቀሰ፤ እኔ ወንድ ነኝ ብዬ ቻልኩት። ኡስታዝ ደምሴ ራሴን በሁለት እጁ ይዞ «አንተ ጸሐፊ ትሆናለህ» አለኝ። ያን ቃል ለብዙ ጊዜ እንደ ምርቃት ስሸከመው ኖሬአለሁ።

የእኛ ቤት ተራ የደረሰው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። የአባቴ ጀርባ ጆንያውን እንቢ ማለት ጀምሮ ነበርና እናቴ ተስፋዋን ሁሉ በዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ ጥላለች። አባቴ ንጹሕ ጀለቢያ ለብሶ ጠዋት ወጣ። እኛ እስከ ማታ ይቆያል ብለን ስንጠብቅ፣ ጥላ ሳይዞር ተመለሰና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው? ምን አሉህ?» አለችው እናቴ።

«ሰምተነዋል አሉኝ።»

«ምኑን ነው የሰሙት?»

«ፈንታን።»

ነገሩ የገባን በሌላ ቀን፣ ገበያ ውስጥ ነው። የቢሮው አስተርጓሚ የእኛው ሰፈር ሰው ነበር። እናቴን ሲያያት ግራ ቀኙን ቃኝቶ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ ከእኔ እንዳልሰማሽ አድርጊው። ያ መምህር የነበረው ሰውዬ ይህንኑ ታሪክ የኔ ነው ብሎ ተናግሮ፣ ተቀብለውት፣ ሦስተኛ አገር ሄዷል። የለወጠው ዓመቱን ብቻ ነው። አሁን ባልሽ ጋሸ ተገኘ ሲናገር የሰው ታሪክ አጥንቶ የመጣ ነው የመሰላቸው።»

«እና አንተ አፍ የለህም? የማን እንደሆነ አትነግራቸውም?»

«እኔ የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ፣ እትዬ? ኬዝ ይጠየቃል እንዴ?» ካለ በኋላ ትንሽ አመነታ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ የመምህሩ ልብ ይነካ ነበር። ጫማ ነበረበት። ጋሸ ተገኘ ጫማ የሚባል ነገር አልተናገረም።»

እናቴ ጫማ የሚባለው ምን እንደሆነ አልገባትም። ዘንቢሉን ይዤ አጠገቧ ለቆምኩት ለእኔ ግን ያ ቃል ሁሉንም ነገረኝ፤ ሁሉንም ነገረኝና አንድ ጥያቄ አስታቀፈኝ። አባቴ ጫማውን ያልተናገረው ለማያውቃቸው ሰዎች ሊሰጠው ስላልፈለገ ነው? ወይስ ጫማው ከመጀመሪያውም አልነበረም? ያን የወባ ሰሞን ከአባቴ አፍ የሰማሁት ይመስለኛል፤ እንዴት አድርጎ እንዳንጠለጠለው በእጁ ሲያሳየኝ እንኳ ይታየኛል። ግን ቤታችን ውስጥ የአጎቴ ጫማ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። አገዳውን ይዤ ስቆም፣ ኡስታዝ ደምሴ በጉጉት ሲያየኝ፣ ያ ጉጉት እንዳይጠፋ ብዬ ጫማውን ያኔ ፈጥሬው ይሆን? የአባቴ ከሆነ ሰውየው ይዞ የሄደው የአጎቴን ሞት ነው። የእኔ ከሆነ ደግሞ ይዞ የሄደው እሱ ራሱ በውስጤ ያበቀለውን ነገር ነው። የትኛው የበለጠ ክህደት እንደሆነ እስከ ዛሬ መወሰን አልቻልኩም።

ያቀረብነው ይግባኝ አልሠራም። አባቴ ወደ ጆንያው ተመለሰ፣ ጀርባው እስኪታጠፍ ድረስ። እኔ ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህራን ስለ ካራክተር አገነባብ ሲያስተምሩ የሚሰማኝ ያ የሬዲዮ ድምፅ ነበር። ልጠላው ስል ያስተማረኝ ትክክል ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ይህ ደግሞ ከስርቆቱ ይብሳል። ሌባ የወሰደውን ብቻ ነው የሚያጎድልብህ፤ ይህ ሰው ግን የሰጠኝንም ነገር ንጹሕ አድርጎ አልተወልኝም።

ዛሬ ጦርነቱ ከካርቱም አባሮኝ ተመልሼ ገዳሪፍ ነኝ። አንዳንድ ቀን ቱነይድባ የሚባል የስደተኞች ካምፕ እየሄድኩ ወጣቶችን ጽሑፍ አስተምራለሁ። ያ የእኛ ዘመን ነውር እዚያ የለም። ልጆቹ ስልካቸውን ፊታቸው ላይ ደግነው እንዴት እንደወጡ፣ ማንን መንገድ ላይ እንደጣሉ ለዓለም ይናገራሉ። መጀመሪያ አስደንግጦኝ ነበር፤ አሁን አሁን እቀናባቸዋለሁ። ሺህ ሰው የሰማውን ታሪክ ማን የኔ ነው ብሎ ይወስደዋል? እኛ ግን ታሪካችንን እንደ ዕቃ ደብቀን ያዝነው፤ የተደበቀ ነገር ሲሰረቅ ደግሞ የእኛ እንደነበረ የሚመሰክርልን አላገኘንም።

በቅርቡ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ አባቴ አጠገብ ተቀመጠና «ጅዶ፣ ከሐበሻ አገር እንዴት ነው የመጣኸው?» አለው። እኔ በር ላይ ቆሜ ጆሮዬን አቀናሁ። ይህን ጥያቄ ራሴ ልጠይቀው ስንት ዓመት ፈርቼአለሁ።

«በመኪና» አለው አባቴ።

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ልጄ መልሱ አሰልችቶት ኳሱን ይዞ ወጣ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ግን አልጠየቅኩትም። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። አጎቴ ፈንታ የሚባል ሰው እንደነበረና ዛፍ ሥር እንደቀረ ከአባቴና ከእኔ ሌላ በቃሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ኡስታዝ ደምሴ አሁን የት አገር እንዳለ አላውቅም። በሕይወት ካለ ልጆቹ እንዴት ወጣህ ብለው ሲጠይቁት አንዲት ዝርዝር ሳያጎድል፣ በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ ስለ ወንድሙ ይነግራቸዋል።