የኦቦ ዳባ ፈረስ እግር

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መውረጃዬ ጊንጪ ነው። በቦርሳዬ የተቀቀለ መርፌ፣ አንድ ብልቃጥ ፔኒሲሊንና ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የቆረጥኩት ማሰሪያ ይዣለሁ። የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ፤ የምሄደውም የባለጋሪውን የኦቦ ዳባን ፈረስ ለማከም ነው። ምስማር ከኮቴው በላይ ወግቶት ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ሳምንት ሙሉ ተመላልሼ አንገቱ ላይ ብወጋውም አልተሻለውም። ኦቦ ዳባ እስከ ሰኞ በእግሩ ካልረገጠ ከከተማ አውጥተው ለጅብ እንደሚተዉት ነግረውኛል።

መንገዱ ደህና ነበር፤ ጤፉ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጡ አስተማሪ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። ተቀብዬ በእጄ እንደያዝኩት ቀረሁ። ዛሬ የማደርገውን ሕክምና ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ጊዜ ሲሠራ ከማየት በቀር ሞክሬው አላውቅም።

ጊንጪ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ዳማው ፈረስ ከጋሪው አጠገብ በሦስት እግሩ ቆሟል። ጎማውን ከጉልበቱ በታች ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና መድኃኒቱን ከማሰሪያው በታች ባለው ደም ሥር ቀስ ብዬ ሰጠሁት። አንገት ላይ የተወጋው በመላ አካላቱ ሲበተን ለእግሩ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ይኼኛው ግን ማሰሪያው እስኪፈታ እዚያው ቁስሉ ዘንድ ይቆያል። ግማሽ ሰዓት መታገሥ ነው።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፈረሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኦቦ ዳባ እጃቸውን ወደ ቋጠሮው ሰደዱ።

«ዶክተር፣ ደሙ ከቆመ እግሩ አይሞትም?»

«በግማሽ ሰዓት አይሞትም፣ ኦቦ ዳባ። አሁን ከፈቱት ግን መድኃኒቱ ሄደ። ሌላ ብልቃጥ የለኝም።»

እጃቸውን መለሱ። ግንባራቸውን የፈረሱ አንገት ላይ አስደግፈው በኦሮምኛ «ጃባዹ፣ ጃባዹ» እያሉ ያበረታቱት ጀመር። ፈረሱ ረጋ። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ማሰሪያውን ፈታሁት።

እሑድ

ሁለት ሌሊት ጊንጪ አደርኩ። ዛሬ ጠዋት እብጠቱ ጎድሏል፤ ፈረሱም ኮቴውን መሬት ላይ አሳርፏል። ጋሪ ለመጎተት ገና ነው፣ ለጅብ ግን አይሰጥም። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የኦቦ ዳባ ባለቤት በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቀረቡልን።

«ይኼን ካወቅህ ለምን በመጀመሪያው ቀን አላደረግኸውም?» አሉኝ ኦቦ ዳባ።

እንደፈራሁ ነገርኳቸው። ጭኮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

አምቦ፣ ከሰዓት በኋላ

ቤቴ እንደገባሁ የመሥሪያ ቤቴን የሕክምና ቅጽ አወጣሁ። ሕክምናው የዘገየበት ምክንያት በሚለው ቦታ «የመኪና እጥረት» ብዬ መሙላት ልማዴ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ግን መኪና አልጠፋም፤ የጠፋው የእኔ ድፍረት ነው። «ስለፈራሁ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት።