ነጥቡን ሁሉ ለጉልበት

የያዙኝ አብነት ሰፈር፣ ከምሠራበት የጫማ መደብር ውስጥ ነው። አንዲት ደንበኛን ጫማ እያስለካኋት ነበር፤ አንደኛውን አጥልቃለች፣ ሁለተኛው እጄ ላይ ነው። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ገብተው «ለአጭር ጥያቄ እንፈልግሃለን» አሉኝ። ጫማውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ተከተልኳቸው። አጭሩ ጥያቄ ወራት ፈጀ።

የወሰዱኝ እዚያው ልደታ ወዳለ የቀበሌ እስር ቤት ነው። ግቢው የተወረሰ ቪላ ሲሆን፣ እኔን የከተቱኝ የድሮው ባለቤት እህልና በርበሬ ያስቀምጡበት ከነበረው ጓዳ ነው። በሩ ሲከፈት በርበሬው ተቀበለኝና ደጋግሞ አስነጠሰኝ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ሳለ ከወደ ጥጉ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለ ሰላምታ፣

«ጉልበት ይሻላል ወይስ ቅልጥፍና?» አለኝ።

ምርመራው የተጀመረ መሰለኝ።

«እኔ ምንም የማውቀው ነገር የለም» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጠያቂው በንጉሡ ጊዜ በጦር ሠራዊት ያገለገሉ ሻምበል ነበሩ፤ ትከሻቸው በር ያህላል። አጠገባቸው አንድ ከሲታ ልብስ ሰፊ ተቀምጧል። የጌጃ ሰፈር ሰው ነው፤ የታሰረው ለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ካኪ ሱሪ ሰፍተሃል ተብሎ ነው። ሦስተኛው ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ዝግ ያለ ኢንጂነር ነበር። እዚያ ሳለ ተማሪዎች ሲጫወቱት ያየውን ጨዋታ ለክፍሉ ያስተማረው እሱ ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ኢንጂነሩ ተረት ያወራል፤ ምሽግ፣ ገደል፣ ዘንዶ ያለበት ተረት። እኛ እያንዳንዳችን የተረቱ ውስጥ አንድ ጦረኛ እንሆናለን። ለጦረኛችን አሥር ነጥብ ይሰጠናል፤ ለጉልበትና ለቅልጥፍና እንደፈለግን እናካፍላለን። ከዚያ ጦረኛው ይሙት ወይም ይዳን የሚወስነው ነጥቡና ጠጠሩ ነው። ጠጠሩ ከዳቦ ልብ ተሠርቶ የደረቀ፣ እንደ ሉዶ መጫወቻ ስድስት ጎን ያለው ነገር ነበር።

«ጉልበት ያለው አንዴ ከመታ ሁለተኛ አያስፈልገውም» ይላሉ ሻምበል።

«ካገኘው ነዋ፣ ሻምበል! እርስዎ ጎራዴውን እስኪያነሱ የኔው ሰው ሦስት ቀስት ወርውሮ፣ ግንብ ዘሎ፣ ቤቱ ገብቷል» ይላል ልብስ ሰፊው።

«ሮጦ ማምለጥ ጦረኝነት ነው?»

«ሞቶ መቅረትስ?»

እኔ ነጥቤን አምስት አምስት አድርጌ አካፈልኩ። ሁለቱም በአንድ ድምፅ «መሀል ሰፋሪ!» ብለው ጮኹብኝ። ሲጣሉ የከረሙ ሰዎች የተስማሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጨዋታው ጦፎ ሻምበል ራሳቸውን ረሱ።

«በሩን እኔ እገነጥለዋለሁ! አንተ በገመድ ውረድና ዘበኛውን ከኋላ ውጋው!» ብለው አንባረቁ።

የኛው ዘበኛ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ሲሮጥ ሰማነው። ወዲያው በሩ ተበርግዶ የቀበሌው ካድሬ ሽጉጡን ይዞ ገባ። ወጣት ነው፤ ጢሙ ገና እያሰበ ነበር።

«የቱ በር ነው የሚገነጠለው?»

ኢንጂነሩ፣

«የዘንዶው ምሽግ በር ነው፣ ጓድ» አለ።

«ዘንዶ ማን ነው? የማን የምስጢር ስም ነው?»

«ዘንዶ ነው፣ ጓድ። እሳት የሚተፋ።»

ካድሬው ጣሪያውን አየ፣ እኛን አየ። ኢንጂነሩ ከሀ እስከ ፐ አስረዳው። አላመነም።

«አሳዩኝ» አለ። «ውሸት ከሆነ ግን ዛሬ እዚህ አታድሩም።»

የማያድሩ ሰዎች የት እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በርጩማ መጣለት። ነጥብ ሲሰጠው ሳያመነታ «ሁሉንም ለጉልበት!» አለ።

«ብልህ ምርጫ ነው» አሉ ሻምበል፣ አላስቻላቸውም። ልብስ ሰፊው ‹እህ እህ› ብሎ ሳለ።

የካድሬው ጦረኛ የምሽጉን በር በአንድ ምት ገነጠለው። ሁለት ግዙፍ ጠባቂዎችን በቡጢ ዘረራቸው። ካድሬው በየምቱ ጭኑን ይመታል፤ ዘበኛው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ያጨበጭባል። ቀጥሎ ገደል መጣ፤ ከገደሉ በላይ የገመድ ድልድይ አለ።

«ይህን ለመሻገር የሚጠየቀው ቅልጥፍና ነው፣ ጓድ። እርስዎ ደግሞ የለዎትም» አለ ኢንጂነሩ። «ስድስት ካልወጣልዎ ይወድቃሉ።»

ካድሬው ጠጠሩን እፍ ብሎ ጣለ። ሁለት።

«እንደገና» አለ።

«ይጣል እንጂ ወንድሜ፣ ምን ቸገረህ!» አለ ልብስ ሰፊው በሹክሹክታ። ኢንጂነሩ ግን ጠጠሩን ከወደቀበት አላነሣም።

«አንዴ የወጣ አይደገምም፣ ጓድ። ሻምበልም የሞቱት እዚሁ ድልድይ ላይ ነው።»

«ሁለት ጊዜ» አሉ ሻምበል፣ በቅሬታ።

ካድሬው ተነሣ። ኢንጂነሩን ብዙ አየው። ከዚያ ጠጠሩን ኪሱ ከትቶ ወጣ፤ በሩ ተቆለፈ። ያን ቀን ኮቴ በሰማን ቁጥር ለስንብት እንተያይ ነበር። ሻምበል ኢንጂነሩን «ምን ነካህ ልጄ?» ሲሉት፣

«የታሰርኩት ያለ ሕግ ነው» አለ። «ጨዋታው እንኳ ሕግ ይኑረው።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ካድሬው ብቻውን መጣ። በሩን ከኋላው ገፋ አድርጎ ጠጠሩን ለኢንጂነሩ መለሰለት።

«አዲስ ሰው መጀመር ይቻላል?»

«ይቻላል፣ ጓድ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለቅልጥፍና አራት አድርግልኝ» አለ።

«ሰሙ፣ ሻምበል?» አለ ልብስ ሰፊው።

ከክረምቱ በኋላ ኢንጂነሩን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። እኛ ተፈታን፤ እሱ የት እንደደረሰ የነገረን የለም። ዛሬ ሰዎች ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁኝ ስለ ዱላው እንዳወራ ይጠብቃሉ። ዱላም ነበር። እኔ ግን የምነግራቸው ይህን ነው፤ ይስቃሉ፣ አብሬያቸው እስቃለሁ። ኢንጂነሩ በሕይወት ካለ አሁን አርጅቷል። የትም ይሁን የት፣ ከማንም ጋር ይጫወት፣ እንደማያጭበረብር አምናለሁ።