ከመኪናዬ ሆድ የጠፋው ብረት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ሳልጠረጥር የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ረሆቮት ስንኖር፣ መዝከረት ባትያ ዙሪያ ባሉ የብርቱካን እርሻዎች የውሃ ቱቦ እጠግን ነበር። ዝናብ ሲገባ ጭቃው መኪና ይውጣል። ስለዚህ ያገለገለች ፒካፕ ገዛሁና ከፍ እንዲያደርጋት ለባለቤቴ ወንድም ሰጠሁት። እሱ ቂርያት ዔቅሮን ውስጥ መካኒክ ነው፤ ለባለቤቴ የቀራት የእናቷ ልጅም እሱ ብቻ ነው። ረጃጅም ስፕሪንግና ትልልቅ ጎማ ገጠመላት፣ የእጅ ዋጋ ግን አልቀበልም አለ። ይሄ ራሱ አላማረኝም። በነጻ የሚሠራ ሰው ምን ፈልጎ ነው?

"ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት እኔ ጋ ትቆይ፤ አንድ ዕቃ አዝዣለሁ" አለኝ።

ሁለት ሳምንት ሊንሸራሸርባት ነው ብዬ አሰብኩ። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ። ከኋላዬ ቀስ ብዬ እንድነዳ ሲናገር "ቤሰደር፣ ቤሰደር" አልኩት በዕብራይስጥ፣ እሺ እሺ ለማለት፤ ዞሬም አላየሁት።

ፒካፕዋ ጭቃ ላይ ጎበዝ ነበረች። አስፋልት ላይ ግን ሌላ መኪና ሆነች። አንድ ቀን ኦሺዮት የሚባለው ሰፈር መግቢያ ላይ ያለውን አደባባይ ስዞር፣ ጎማዎቹ ወደ ግራ እየሄዱ አካሏ ወደ ቀኝ ተጋደመ። የሰባት ወር እርጉዝ የነበረችው ባለቤቴ በሩን በሁለት እጇ ይዛ "አቁም!" ብላ ጮኸች። ያን ቀን ፈራሁ። እኔ ስፈራ ደግሞ ጥፋተኛ እፈልጋለሁ።

ከሥሯ ገብቼ አየሁ። የግራና የቀኝ ጎማን አያይዞ መኪና በመታጠፊያ ላይ እንዳይጋደም የሚይዝ ጠንካራ ብረት አለ፣ ስታቢላይዘር ይሉታል። የእኔ የለም፤ የታሰረበት ቀዳዳ ባዶውን ነው። አማቼ መካኒኩም የእኔ ዓይነት ፒካፕ አለው። በማግስቱ ሰላም ልበላችሁ ብዬ ሄድኩና፣ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ከሥሯ አየሁ። ብረቱ ያብለጨልጫል። በቃ፣ ሌባዬን አገኘሁ አልኩ።

ራሱን ብጠይቀው ምን ነበረበት? ነገር ግን እኛ አማችን ፊት ለፊት "ሰረቅኸኝ" አንልም፤ እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው። የባለቤቴን አጎት በዚያችው ፒካፕ አሳፍሬ ወሰድኳቸው። በየመታጠፊያው እጀታውን ጨብጠው "ልጄ፣ ከዚህስ በቅሎ ይሻላል" ይሉ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ነገሩን አነሱት። "ልጄ፣ ከዚህ ሰው መኪና አንድ ብረት ጎድሏል ይባላል። ታውቀዋለህ ወይ?"

አማቼ ሳቀ። እኔን ሲያይ ግን ሳቁ ቆመ። ከመደርደሪያው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት አወጣ፤ የፒካፕዬ ታርጋ ቁጥር በነጭ ቀለም ተጽፎበታል።

"ሬጋ፣ ይቆዩ አባባ፣ እኔ ልንገርዎ" አለ። "መኪናዋ ከፍ ስትል የዚህ ብረት መያዣዎች አጠሩ። እንዲሁ ባስረው ይጣመምና ይሰበራል። ያዘዝኩት ረጃጅም መያዣ ነበር። ጠብቅ ስለው ቁልፉን ይዞ ሄደ። ያለ እሱ አስፋልት ላይ አደገኛ ናት ብዬ እህቴ ጋ ሁለት ጊዜ ደወልኩ።"

እውነቱን ነው፤ ባለቤቴ ነግራኝ ነበር። እኔ ግን "ለወንድምሽ ታደያለሽ፣ መኪናዋን ሊያስመልስ ፈልጎ ነው" ብዬ አፏን አስያዝኳት። ከዚያም ያን ሆዷን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ይህ ትዝ ሲለኝ ዛሬም አፍራለሁ።

ሽማግሌው ይቅር ተባባሉ አሉን። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ ከለከለኝ። በሳምንቱ መያዣዎቹ መጡና ብረቱን ገጠመው። አደባባዩን እኔና ባለቤቴ ዞርነው፤ ፒካፕዋ ትንሽ ብቻ ዘንበል ብላ ተመለሰች። ባለቤቴ በሩን አልያዘችም።

ከዚያ በኋላም መኪናዬን የሚሠራልኝ እሱ ነው፣ አሁንም የእጅ ዋጋ አይቀበልም። መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ግን ከጎን ካለው ሱቅ ሰው ይጠራል። የፈታውን ሁሉ አንድ በአንድ መጀመሪያ ለሰውየው ያሳየዋል፣ ከዚያ ለእኔ።

"ኧረ አያስፈልግም" እለዋለሁ።

"ይሁን ጋሼ" ይለኛል ቀና ሳይል፣ "ሰው ይየው።"